ክርኔና ባቄላሽ

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ ያከብሩሻል ወይስ እንደ እኔ ያላግጡብሻል? እኛ ቂርቆሱ ጠብቆን ደህና ነን። መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ። ባለቤቴ ጀማነሽ ጨውን ከቤት አስወጥታ እኔን ብቻ አስቀርታለች። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ምክንያቱን ኋላ ታገኚዋለሽ።

ካዛንቺስ ያለው ቤተ ሙከራችሁ በመንገድ ቆፋሪዎቹ ማሽን እየተንቀጠቀጠ አላሠራሽ ቢል፣ ዕቃሽን ተሸክመሽ እኛ ቤት የመጣሽበትን ቀን ሳስብ ሰነበትኩ። ጠረጴዛችን ላይ አንዲት የባቄላ ችግኝ፣ ቅጠሏ ላይ የተለጠፈች የትንኝ ክንፍ የምታህል መስታወት፣ ከመስታወቷ ነጥሮ ግድግዳችን ላይ የሚያርፍ ቀይ ብርሃን። ቅጠሏ ውሃ ጠጥታ ዓይን በማያየው ልክ ቀና ስትል፣ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጣት ያህል ከፍ ይላል አልሽኝ። የተክል ሴል እንደ ጎማ የተነፋ ነው፣ ግፊቱም ከታክሲ ጎማ ይበልጣል ስትዪኝ፣ ዕድሜዬን ቄራ በጎሚስታነት የጨረስኩት ሰውዬ ታዲያ ማን ነፋው ብዬ ጠየቅኩሽ። ውሃ አልሽኝ። ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬ አንድ ሰው አላመነኝም።

ከዚያ ብርሃኑ መዝለል ጀመረና ልኬትሽን ሁሉ አበላሸው። መጀመሪያ የጎረቤታችንን የአናጢውን የሳላሀዲንን መዶሻ ወቀስን። ምስኪኑ ሥራውን አቁሞ ከእኛ ጋር ግድግዳ ሲያይ ዋለ፤ ብርሃኑ ግን መዝለሉን አልተወም። ቀጥሎ እኔን ጠረጠርሽ። እውነትሽን ነው፤ ቀደም ሲል ቅጠሏ ላይ እፍ ብዬ «ባቄላሽ አስነጠሳት» ብዬሻለሁ። «ጋሼ፣ እስቲ በቂርቆስ ይማሉልኝ፣ ጠረጴዛውን እየነኩ ነው?» አልሽኝ። ክርኔን ከመደገፍ በቀር ምንም እንዳላደረግኩ ማልኩልሽ። ያንሱት አልሽኝ፤ አነሳሁ። ብርሃኑ ጸጥ አለ። መልሼ ስደገፍ ዘለለ። አንዴ ይዘላል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ሁለቴ አከታትሎ ይዘላል። እኔ ባቄላሽ እስክስታ ለመደች እያልኩ ስስቅ አንቺ አልሳቅሽም። የእጄን አንጓ ይዘሽ ግድግዳውን አየሽ። ከዚያ «ጋሼ፣ በቃ፣ ጫማዎን ያድርጉ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልሽኝ። ለባቄላ ብለን ነው ብልሽ፣ ጫማዬን አምጥተሽ እግሬ ሥር አኖርሽ።

ልቤ ስልቷን መሳቷን፣ ችላ ቢባል ደም ረግቶ ሊጥለኝ ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነገረን። አንቺ ስህተት ነው ብለሽ ልትጥዪው የነበረው ዝላይ፣ በክርኔ አልፎ ጠረጴዛውን የሚነቀንቀው የእኔ ልብ ኖሯል።

አልጋዬ አጠገብ ስትሰነብቺ፣ ባቄላዋን ማን ያጠጣል ባልኩሽ ቁጥር «ደህና ናት፣ ጊዜ አለኝ» ትዪኝ ነበር። ቤት ስመለስ ደርቃ አገኘኋት። አንቺም ትምህርቴን ጨርሻለሁ ብለሽ ለማስተማር ሐዋሳ ወረድሽ። ሰሞኑን አስተማሪሽ ዶክተር እጸገነት ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። ባቄላዋ ስትደርቅ ትምህርትሽን እንዳቋረጥሽ ሲያወሩኝ እኔ የማውቅ መስዬ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ብትመለሺ ቦታሽ እንዳልተያዘ ነግረውኛል። እዚህ ቤት መዋሸት የእኔ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀምተሽኛል።

እግዜር ይስጥሽ ብል ያንስብኛል፤ ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግኩ። ሳላሀዲን የጠረጴዛውን እግሮች አጠበቀልኝ። መስታወትሽን በጥጥ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ባቄላም ዘርቼ ቅጠል አውጥታለች። ጀማነሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳህን እንኳ አታስቀምጥም። እኔም እንዳልደገፈው ስል ነው ጉልበቴ ላይ የምጽፍልሽ።

ሌላው ሳያየው ያለፈውን የምታይ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። እናትሽንም በደስታሽ ያስረጃት።

ክርኑን ያነሳው አጎትሽ