አባባ ያላስረገጠው ሳር

ይድረስ ለወንድሜ ለአሉላ ገብረሃና፣
ጆሃንስበርግ።

ወንድምዬ፣ ለመሆኑ እንዴት ነህልኝ? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ያ የጨጓራ ነገር ተወህ ወይስ ዛሬም ሱቅህ ውስጥ ቆመህ ነው ምሳህን የምትውጠው? ሰገንስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ተሻላት? ማዕረግ ትምህርቱን ይወዳል? ትንሿ ራሕዋስ አማርኛ ለመደች ወይስ አሁንም በእንግሊዝኛ ነው የምትቆጣህ? የእማዬን ስም ያወጣህላት ልጅ፣ ገና በዓይኔ ሳላያት ጥርሷ መነቃነቅ ጀመረ ሲሉኝ ደነገጥኩ። ጊዜው እንዲህ ነው እንዴ የሚሮጠው?

ስለ እኛ ከጠየቅህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ ደህና ነኝ፤ ኡራኤል ያለው ቢሮ እስካሁን አልሰለቸኝም፤ እኔም አልሰለቸኋቸውም መሰለኝ። አባባም አለ። አለ የምልህ ግን እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ አይደለም፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ ደብዳቤ ምንድን ነው ብለህ እንዳትስቅብኝ። በስልክ ስንት ጊዜ ሞከርኩህ። ገና «አባባ» ስል «ትርሓስ፣ ደንበኛ መጣብኝ» ትለኛለህ። አምስት ዓመት ሙሉ ልክ በዚያች ሰዓት ደንበኛ የማይጠፋበት፣ መቼም የተባረከ ሱቅ ነው! ወረቀት ግን መሃል ላይ አይዘጋብኝም። እዚያው ጎንህ የሚነግደው መብርሃቶም ዘመድ ጠይቆ ሊመለስ ስለሆነ፣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ ብትቆጣም ተቆጣ።

ቤታችን የለም። ሰፈሩ ሊነሳ ነው ብዬህ ነበር፤ ተነሳ። የኛ መደዳ በሙሉ ለልማት ተፈለገ፤ ተነገረን፣ ተሰነዳዳን፣ ወጣን። ሰው በሩንና መስኮቱን ነቅሎ፣ ቆርቆሮውን አውርዶ በአይሱዙ እየጫነ ሄደ። በግድግዳ ተለያይተው አንዱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» ይባባሉ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ አንዱ ከተማው ዳር፣ ሌላው ሌላው ዳር ናቸው። ባለፈው ከቢሮ ስወጣ እግሬ በልማዱ ወደ ካዛንቺስ ይዞኝ ሄደ። ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ ደርሼ፣ ቤታችን በየት በኩል እንደነበር ጠፋኝ። የኡራኤልን ጉልላት ፈልጌ፣ ከዚያ ወደዚህ ገምቼ ነው ያገኘሁት። ባገኘውስ ምን አለ? አፈር ነው።

አሁን ምትኩ እስኪስተካከል ላንቻ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ገብተናል። ቤቷ መጥፎ አይደለችም፤ ደረጃው ግን ለአባባ ከበደው። እግሩ ያብጣል። ከገባን ወዲህ አንድ ጊዜ ለቅዳሴ ወርዶ ነበር፤ ሲመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ አልወረደም። ሲበላም እንደ ነገሩ ነው፤ እኔ ካላየሁት ሳህኑን መልሶ ይከድነዋል።

አሁን ስለ ሳሩ ልንገርህ። ግንባርህን ስትቋጥር ይታየኛል፤ ግን አትዝለለው።

ያን ሳር ስንጠላው አይደል ያደግነው? ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው፣ ሁለት መኪና የማታስቆም ቦታ። ሰርዶ ብቻ፤ አንድ አረም ብቅ ካለች አባባ ቁርሱን ትቶ ይወርድ ነበር። ዙሪያውን በሲባጎ ከልሎ፣ ሲባጎው ላይ ቀይ ጨርቅ አንጠልጥሎ። ኳሳችን ከገባች በጣታችን ቆመን እንደ ሌባ ነበር የምናወጣት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ እማዬ ልብስ ያለቀለቀችበትን ሳይቀር በጀሪካን አጠራቅሞ ለሱ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ገብረሃና፣ በጉን መቼ ነው የምትገዛው?» ሲሉት እኛ በሳቅ ስንፈርስ፣ እሱ ቀና ሳይል መቀሱን ይስል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሳሎን ከመግባቱ በፊት በር ላይ አቁሞ ያሳየዋል። እንግዳው «እንዴት ያምራል!» እስኪል አያሳልፈውም።

ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። አሁን ከፎቅ ላይ ሆኜ ሳስበው ትንሽ ትንሽ እየገባኝ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በግቢው ትርፍ ቦታ ላይ ክፍል ቀጥሎ ሲያከራይ፣ ያልቻለው ጎመን ሲተክል፣ የኛ አባት ምንም የማይሰጥ ነገር አበቀለ። አይበላ፣ አይሸጥ፣ አይከራይ። እማዬ እንደነገረችኝ፣ እኛ ሳንወለድ በተከራዩበት ግቢ አከራያቸው ሳሬን ረገጣችሁ እያለች ትጮህባቸው ነበር። አባባ ከሥራ ሲገባ በግድግዳው ጥግ ጥግ እየታከከ ነበር የሚያልፈው። የራሱ ቤት ሲኖረው ታዲያ ወንበር እንኳ ሳይገዛ ሳር ተከለ። እኔም ባለቤት ነኝ ለማለት ሌላ አፍ አልነበረውም። አባባን ታውቀዋለህ፤ በቃል የሚናገር ሰው አይደለም።

አገር ቤት በጦርነቱ ስልክ የተዘጋ ጊዜማ አላየኸውም። ታላቅ እህቱ፣ አክስታችን፣ ትኑር ትሙት ሳናውቅ ስንከርም አንድ ቀን እንኳ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ጠዋት ተነስቶ ይከረክማል፤ ከሰዓትም የሚከረከም ነገር ሳይኖር ይከረክማል። በሩ ክፍት ሲሆን መንገደኛ ቆሞ ያደንቅ ነበር። ያ ሳር እንደዚያን ጊዜ አምሮ አያውቅም።

ወደ እማዬ ልቅሶ ልምጣ፤ አምስት ዓመት ሆነው። አንተ የደረስከው ለሳልስቱ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን አላየህም። የእድሩ ዳኛ አቶ ጉተማ፣ የእትዬ ጀማነሽ ባለቤት፣ ድንኳን አስይዘው፣ ሰው አስከትለው መጡ። ልማዱን ታውቃለህ፤ ድንኳን የሚተከለው አስከሬኑ ከሚወጣበት ግቢ ነው። አባባ በሩ ላይ ቆመና እዚህ ካስማ አይመታም፣ ሳሩ ይበላሻል አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አቶ ጉተማ «ገብረሃና፣ ሚስትህ እኮ ናት!» አሉት። «ይበላሻል» አለ ደግሞ። ድንኳኑ መንገድ ላይ፣ በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ሰው ጫማው በጭቃ ተውጦ እማዬን ሲያለቅስ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያ ሳር ባዶውን ነበር። ከኤርፖርት ስትገባ ያየኸው ይህን ነው። አባባን ያልከውንም አልረሳሁም፦ «ከእንግዲህ ልጅህ ይሄ ሳር ነው፤ እሱ ይጡርህ።» አልፈርድብህም፤ እኔም ከፍቶኝ ነበር። አቶ ጉተማም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሱት። በር ለበር እየተላለፉ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበር።

ባለፈው ወር አቶ ጉተማ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ሰፈሩ አብዛኛው ፈርሶ፣ የእነሱም ቤት ጣሪያው ወርዶ፣ ዕቃቸውን ጭነው ሊወጡ ሲሰናዱ፣ በቀረችው አንዲት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተኙ ነው ያለፉት። ድንኳኑ የት ይተከል? መንገዱ ፍርስራሽ ነው፤ ማሽን ይመላለስበታል። የእድሩም ሰው ግማሹ ተበትኗል። የመጡት ድንኳኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ይተያያሉ። በመደዳው ያልፈረሰ ግቢ የኛ ብቻ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቅ? እትዬ ጀማነሽ ራሳቸው፣ ተዉት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንቀመጣለን አሉ።

አባባ በረንዳው ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ወረደ። ሲባጎውን ከነቀይ ጨርቁ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በሩን ወዲያና ወዲህ በረገደው። ከዚያ ከአንዱ ሰውዬ እጅ ካስማና መዶሻ ተቀብሎ መሃል ሳሩ ላይ ተንበረከከ። ስንት ዓመት ውሃ የጠጣ መሬት ነው፤ ካስማው ብዙም ሳይመታ ገባ። «ሌላውን እናንተ ምቱ፤ ክንዴ ደከመ» አላቸው። እትዬ ጀማነሽ እያለቀሱ መጥተው ትከሻው ላይ ወደቁ። «አንተ ክፉ፣ ለራሕዋ የከለከልከውን!» አሉት። እሱም «አዎ» አለ።

ልቅሶው እስኪያልቅ ሰው ዋለበት፣ አደረበት። አግዳሚ ተጎተተበት፣ ሻይ ተደፋበት፣ የሰፈር ልጆች የልባቸውን ሮጡበት። አባባ ከአቶ ጉተማ ወንድሞች ጋር ተቀምጦ እንግዳ ይቀበል ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ መሬት ሲያይ አላየሁትም። ድንኳኑ ሲነሳ ከሥሩ የወጣው ቢጫ ሆኖ የተጨፈለቀ ነገር ነበር። ሁሉም ከሄደ በኋላ አባባ ወንበር አውጥቶ መሃሉ ላይ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

ለካስ እማዬ ልታርፍ ዋዜማ፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ሳለሁ፣ ደጅ አውጣኝና አየር ልውሰድ ብላው ኖሯል። ተሸክሞ አወጣት። አንዱን የምግብ ቤት ወንበር ሳሩ መሃል አቁሞ፣ ጋቢ ደርቦላት አስቀመጣት። «ዛሬስ ተፈቀደልኝ?» ብላ ሳቀችበት። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የወንበሩ እግሮች መሬቱ ውስጥ ሰመጥ ብለው ገቡ። በማግስቱ እሷ የለችም፤ አራቱ ጉድጓዶች ግን ነበሩ። እነ አቶ ጉተማ ካስማ ይዘው ሲመጡ እሱ የሚያየው እነዚያን ነበር። «ይበላሻል ያልኳቸው እሱን ነው» አለኝ፤ «እንዴት ብዬ ልንገራቸው? አፌ እምቢ አለኝ።» ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው አንጀቴን የበላው። «በሳምንቱ ጠፉ» አለኝ፤ «ጥሩ ሳር ነበር፣ ቶሎ ቀና አለ።»

አሉላ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዞ ነው የኖረው። አንተም ስትሰድበው፣ ሰፈሩም ሲያኮርፈው፣ አንድ ቃል ቢተነፍስ ይቅር በተባለ ነበር። አልተነፈሰም። ያናድደኛል፤ እንዲህ ያለ ግትር ሰው አላየሁም። ግን ደግሞ ሲያሳዝነኝ አድሮ ሲያሳዝነኝ ይውላል።

ስንወጣ ከቧንቧው ሥር እግር ያልደረሰባት አንዲት ጥግ ቀርታ ነበር። ከነአፈሯ ቆርጦ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርጎ፣ መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ ይዟት መጣ። አሁን በረንዳው ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ አታገኝም፤ ቢጫ ሆናለች። አባባ፣ ሞታለች እኮ ስለው፣ ሥሯ አልሞተም ይለኛል። ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ያጠጣታል። ያቺ ሳፋ ጨርሳ የደረቀች ቀን እሱም የሚከተላት እየመሰለኝ እፈራለሁ። ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለአንተ ነገርኩህ።

ባለፈው እሁድ መብርሃቶም ሊጠይቀን መጣ። አባባ ስለ አንተ ሰው አይጠይቅም፤ ዳቦ ቆርሶ ሰጠውና ተቀመጠ። መብርሃቶም በጨዋታ መሃል፣ አሉላ ቤት ከገዛ ወዲህማ አይገኝም፣ እሁድ እሁድ ግቢው ውስጥ ሳር ሲከረክም ነው የሚውለው፣ ልጆቹን እንኳ አያስረግጣቸውም አለ። እኔ ሻዬ እጄ ላይ ቀረ። አባባ «በምንድን ነው የሚከረክመው? በማሽን ነው በመቀስ?» ብሎ ጠየቀ። መብርሃቶም አላውቅም አለው። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሲያጉረመርም ዋለ፤ ማሽን ከሆነ ዝቅ አድርጎ እየላጨ ሥሩን ያቃጥለዋል ይላል።

በል እንግዲህ ለሁሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሰገንን ወገቧን እንድትጠነቀቅ፣ ከባድ እንዳታነሳ ንገራት። ማዕረግን አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። ራሕዋን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ልጆቹንም ሳሩን አስረግጣቸው፣ ወንድሜ። እትዬ ጀማነሽ ልጃቸው ጋ ገብተዋል፤ ስደውልላቸው ለአሉላ ሰላም በይልኝ፣ እኔ አባቱን ይቅር ብዬዋለሁ በይልኝ አሉኝ።

አባባ ግን ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ አልዋሽህም። ስጽፍ አየኝና ለእሱ ነው ወይ አለኝ። አዎ ስለው፣ እንግዲያውስ ያን የማሽንና የመቀሱን ነገር ጠይቂው ብሎ ወደ ሳፋው ዞረ። ይኸው ጠየቅኩህ። መልሱን ለኔ አትጻፍልኝ፤ ደውልና ለራሱ ንገረው። ስለ እማዬ አንተ አታንሳበት። ከሳሩ ጀምርለት፤ እሱ ራሱ እሷ ጋ ይደርሳል።

እህትህ ትርሓስ ገብረሃና
ላንቻ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.