የአባትህ ስድስት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ልጄ ሆይ፣

ሻንጣህን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደህ ከሆነ መልሰህ ስቀለው። አባትህ ደህና ነው። በስልክ ያልነገርኩህ መሃል ላይ ስለምታቋርጠኝ ነው።

ስልኩ ላይ የጫንክለት መተግበሪያ በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደተራመደ እየለካ ለሐኪሙም ለአንተም ይልካል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሆስፒታሉ ግቢ ሲራመድ ጥሩ ነበር። ቤት ገብቶ በሱቃችን ጎዳና መራመድ ከጀመረ ወዲህ ግን ውጤቱ አሽቆለቆለ። ሐኪሙም «እንዲህ ከቀጠለ ልባቸውን እንደገና መክፈት ሊኖርብን ይችላል» አለኝ። አንተ ደግሞ ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ አልክ።

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሚዛን ሲያጎድል ዕቃውን ከመጠርጠሬ በፊት አመዛዘኑን አያለሁ። ትናንት ጨርቅ ቤቱን ለክር ነጋዴዋ ጎረቤቴ አደራ ብዬ ከኋላው ተከተልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገድ ጀመረ። ከደጃችን ብዙም ሳይርቅ ጫማ ሰፊው ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ልብዎ እንዴት ሆነ?»

«ተመስገን ነው» ብሎ ቆመ።

«ያን ጊዜማ ተስፋ ቆርጠን ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ጥቁር ከረባት ስትፈልግ ነበር አሉ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ። ግማሽ ጺሙን የተላጨው ደንበኛም ተከትሎት ወጣ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ደግሞ ስለ እሱ፣ ስለ እኔ፣ ስለ አንተ በየተራ ጠየቀችው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ደቂቃውን ይቆጥራል።

ደረስኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ ሳትቆም ተራመድ አልተባልክም?»

«ታዲያ ሰው ጤናዬን ሲጠይቀኝ ጀርባዬን ልስጠው?»

«ለሐኪሙ ለምን አልነገርከውም?»

«‹ደክሞዎት ቆመዋል?› አለኝ። አልደከመኝም አልኩት። ዋሸሁ?»

አልዋሸም።

ዛሬ ጠዋት ያየሁትን ብነግረው ሐኪሙ ራሱ በሆስፒታሉ መተላለፊያ አስኬደው፤ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ የለካውና ስልኩ የለካው ተስማሙ። ከመጀመሪያው ጊዜ እንኳ በልጧል። «ቀዶ ሕክምና የሚባል ነገር የለም» አለ ሐኪሙ፤ «ሰላምታው ግን ከልምምዱ በኋላ ይሁን።»

«ለእኔ ሳይሆን ለጫማ ሰፊው ንገረው» አለ አባትህ።

እኔ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነርሷ ውሃ አመጣችልኝ። አባትህ አጠገቤ ቆሞ «ሕመምተኛው ማን ነው?» እያለ ሳቀብኝ። የዛሬው ሙቀት ከባድ ነበር፤ ሌላ ነገር አይምሰልህ።

ከእንግዲህ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው የሚራመደው። እዚያ ከድመቷ በቀር ጤናውን የሚጠይቀው የለም።

ስለዚህ ሥራህን አትልቀቅ፤ ለበሽታ ብለህም አትምጣ። የአልጋህን አንሶላ የቀየርኩት አቧራ ይዞት ነው። እንዲያው በደህና ቀን መምጣት ካማረህ ግን፣ ተነጥፏል።

እንደ አባትህ፣ በምትሄድበት ሁሉ አስቁሞ ጤናህን የሚጠይቅ ሰው አይጥፋብህ።

እናትህ