ከማንም ተጣልቶ የማያውቀው ሙላት

ሙላቴ፣

ከሄድክ አሥራ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ሆነህ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ድሮም በቁም ነገር መልሰህልኝ አታውቅም። እኛ ደህና ነን። ልጃችን ቤዛ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ አነጋገሯ አንተን እየመሰለ መጥቷል፣ አመሏን እግዜር ይጠብቀው። እዚህ ከተማችን አራዳ ሰፈር ትቀልድበት የነበረው አዳራሽ የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ገብቼ መድረኩ በነበረበት በኩል አንድ ቡናማ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ሻጩ ልትገዢ ነው ወይ ሲለኝ ተነስቼ ወጣሁ።

የሙት ዓመትህ ሳይደርስ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ።

አባትህ አገራችሁ አምባ ጊዮርጊስ የተቀበሩ ዕለት፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። «ከጎረቤት ጋር በሰላም የኖሩ» ሲባል፣ አባትህ በድንበር ምክንያት ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሷቸው ጎረቤት ከፊታችን ቆመው ያለቅሱ ነበር። ክንዴን ቆነጠጥከኝ። ነገሩ መድረክ እንደሚወጣ ያኔውኑ አወቅሁ።

በሠርግ መድረክ መሪነት ጀምረህ፣ በሐኪሙም በሹሙም ስትቀልድ ከተማው ይስቅልህ ነበር። የአባትህ አርባ ሳይወጣ ግን ያን የሕይወት ታሪክ አራዳው መድረክ ላይ አነበብከው፤ በየመስመሩ እየቆምክ እውነቱን ጨመርክበት። ቪዲዮው በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስ ገባ። ግማሹ ደፋር አለህ፣ ግማሹ እርጉም። ለሠርግ የሚጠራህ ጠፋ፤ ከአዲስ አበባ ግን ይደውሉልህ ጀመር። ታላቅ ወንድምህ አያ ፈንታ ወንድም የለኝም ብሎ እስክትሞት ድረስ ደጃችንን አልረገጠም።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አልነገርኩህም። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበርኩም፣ ብኖር አስቆመው ነበር አልኩት። እውነቱን አንተ ታውቃለህ፤ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ነው የሳቅሁት። አያ ፈንታ አመነኝ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ለእኔና ለቤዛ ድንች ይልክ ነበር። ከሁላችን አብልጠህ የምትበላው አንተ ነበርክ፣ በምን ውሸት እንደመጣ ሳታውቅ።

ስትሞት የሕይወት ታሪክህን ጻፊ ተባልኩ። ፈራሁና ሰው ሁሉ እንደሚጽፈው ጻፍኩ፤ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ከማንም ተጣልቶ የማያውቅ። አንባቢ ሲጠፋ አያ ፈንታ ወረቀቱን ተቀበለ። «ከማንም ተጣልቶ የማያውቅ» ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሶ አነበበው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ለቅሶ መስሎን ልንይዘው ተጠጋን፤ ሰውየው እየሳቀ ነው። ቀባሪው ሁሉ ተከተለው። ቄሱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስትቀልድ በኖርክበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ሳቅ አልሰማሁልህም፤ አለመኖርህ ቆጨኝ።

በሠልስትህ አያ ፈንታ ቤታችን ገባ። «ምነው እቴ፣ እንዲህ ሸጋ አርገሽ ዋሸሽ?» አለኝ። ለሙት ዓመቱ እውነቱን ጻፊው፣ የማነበው እኔ ነኝ ብሎ ሄደ።

ይኸው ጻፍኩት። ሰው ማስቀየምህ ውስጡ አለበት፤ የማታረፍድበት ሠርግ እንዳልነበረም አለበት። የአባትህን አርባ አለመጠበቅህም አለበት፤ እሱን አሁንም ይቅር አላልኩህም። መጨረሻው ላይ የራሴን መስመር ጨመርኩ፦ ሚስቱ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች፣ ስቃለችም። አያ ፈንታ ይህን በሰው ፊት በገዛ አፉ ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ደጃችንን ይርገጥ አይርገጥ አላውቅም። እንደገና ዘመድ ካገኘን ገና ዓመት አልሞላንም፣ ቤዛም ለምዳዋለች።

ናፍቀኸኛል፣ ሙላቴ። ወረቀቱን ነገ በአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ እልክለታለሁ። የሙት ዓመትህ ዕለት እንደ ድሮው ከፊት እቆማለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ሁለተኛ አልነበርኩም አልልም።

ባለቤትህ