የአስካለ ዳፍንትና የእኔ ጾም

ሰኞ፣ መጋቢት ፬
ልጄ አስካለ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። የመጀመሪያ ልጇን እኔ ቤት ልትወልድ ከካራ፣ ከባሏ ቤት፣ ከመጣች ወሯ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ እንደ ጉቶ አለፈችኝና ጥጃውን «እንዴት ዋሉ አባዬ» አለችው። ንቀት ነው። አላናግራትም።

ማክሰኞ
አላናገርኋትም። ሲመሽ እራት አቀርባለሁ ብላ ሽሮውን ጉልበቴ ላይ ደፋችው። ትኩስ ነበር። ዝምታ እንዲህ የሚያቃጥል አይመስለኝም ነበር።

ረቡዕ
አዋላጇ አደ ጫልቱ መጣች። በደሌን ነገርኋት። ሳቀችብኝ።
«ልጅዎ አልናቀችዎትም። ዳፍንት ነው። ቀን ታያለች፣ ሲመሽ አታይም።»
ከዚያ ሳቋን ተወች። ዳፍንት ከያዛት እናት የሚወለድ ልጅ ከሲታ ይሆናል፣ ዓይኑም ይጠፋል አለች። ሁለት እንዲህ ያሉ አዋልዳ አንዱ በሳምንቱ ተቀብሯል።
«ጉበት ትብላ። ዛሬ ነገ አይባልም።»
ሁዳዴ ነው አልኋት።
«ሕፃኑ ሁዳዴን የት ያውቃል?»

ሐሙስ
የካ ሚካኤል ወጥቼ የነፍስ አባታችንን ጠየቅሁ። «እርጉዝ ናት፣ ትብላ» አሉ። ደስ ብሎኝ ወረድሁ። አስካለ ግን እምቢ።
«እርስዎ በዚህ ሽምግልና ባቄላ እየቆረጠሙ እኔ ጉበት? እርስዎ ከበሉ እበላለሁ።»
ግትርነቷ ከእናቷ ነው። እናቷ ግትር አልነበረችም።
እኔ ጾም ገድፌ አላውቅም። ታምሜ አልገደፍሁም። ዘምቼ አልገደፍሁም። አገር ያውቃል። የማያውቅ ቢኖር እነግረዋለሁ።
እጄ ደከመ። መጻፍ ከማረስ ይከብዳል።

ዓርብ
ያለኝን አንድ ፍየል ጓሮ አረድሁት። ጩኸቱ እንዳይሰማ ዳዊት ጮክ ብዬ ደገምሁ። ጎረቤት ዛሬስ ምን ነካው ብሎ ይሆናል።
ጉበቱ ተጠበሰ። አንድ ቁራጭ ጎረስሁ። አሳቤ ኋላ ልተፋው ነበር። አስካለ ጉሮሮዬን ታያለች። ቀትር ነበርና ታያለች። ዋጥሁ። ሞኝ ነኝ፣ ሲመሽ ማቅረብ ነበረብኝ።
እሷም በላች። ሁለት ቁራጭ።

ቅዳሜ
ሲመሽ አቀረብሁ። ባዶ አፌን አኘክሁ፣ ከንፈሬን መጠጥሁ። «ጣፋጭ ነው» አልሁ። አስካለ አመነችና በላች። ድርሻዬን ከጋቢዬ ሥር ደብቄ ለውሻው ሰጠሁት።

እሑድ
እንደ ትናንቱ። ዛሬም ግን ከምሰሶው ተጋጨች። ጉበቱ እያለቀ ነው። ሌላ ፍየል የለኝም። ውሻው ግን ከእኔ አይለይም።

ሰኞ
ፀሐይ ጠልቃለች። ባዶ አፌን አኝካለሁ። አስካለ እጇን ከመሶቡ ላይ አነሣች።
«አባዬ፣ ምኑን ነው የሚያኝኩት? ጉበቱ ጋቢዎ ውስጥ ነው።»
ተያዝሁ። ላፍር ስል አንድ ነገር ታወሰኝ። መብራት ገና አልበራም።
«ጥጃው የታለ?» አልኋት።
«በስተቀኝዎ። ጭራውን እየነሰነሰ።»
ልክ ነች። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የጢስ ነው አልሁ። ጢስም አልነበረም።
«የቀረውን በጠራራ ፀሐይ ነው የምንበላው» አለች፣ «አብረን።»
ሕፃኑ ረግጧት ነጠላዋ ተንቀሳቀሰ። ኃይለኛ ነው። ዓይኑን ገና አላውቅም። ግትርነቱ ግን ከሴት አያቱ ነው።