የጥላዬ እጅና የትልቁ ሳጥን ነገር

ለእታለም ብርቱካን፤

ሰላምታዬ ከደብረ ታቦር ብርድ ተነሥቶ እናንተ ዘንድ ካለው ሙቀት እስኪደርስ እንዳይቀዘቅዝብሽ እመኛለሁ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? አሠሪሽ ሴትዮስ በዓል ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ትለቅሻለች ወይስ ዛሬም እንደ በፊቱ ናት? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደ ከብቱ መለስኩት። ጓደኛሽ ፍቅርተ የእረፍት ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ዱባይ መመለሷ ስለሆነ፣ በእጇ ይድረስሽ ብዬ ጻፍኩት።

ባለፈው ዓመት ለጊታሬ ማጉያ ልትገዢልኝ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ የደወልሽልኝን አትረሺውም። ሻጩ ሁለት ዓይነት አለ ብሎሽ ነበር። አንዱ ኮምቦ የሚሉት፣ ማጉያውም ስፒከሩም በአንድ ሳጥን የተገጠመ፤ ሌላው ደግሞ ሄድ የሚሉት፣ ማጉያው ለብቻው ሆኖ ስፒከሩ ሌላ ትልቅ ሳጥን የሚፈልግ። አንቺም እኔ አላውቀውም፣ የሚሻልህን ንገረኝ አልሽኝ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ ኪቦርድ የሚጫወተውን ጥላዬን አማከርኩት። እሱ ሳያመነታ «እኛ ድንኳን ለድንኳን የምንዞር ሰዎች ነን። መኪና የማይገባበት ሰርግ ይበዛል። እጀታ ያለው አንድ ሳጥን ይበቃናል» አለኝ።

እኔ ግን ባሕር ዳር አንድ ባንድ ሲጫወት ከጊታሪስቱ ጀርባ እንደ ቁም ሳጥን የተገተረውን ስፒከር አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቶ ነበር። ለጥላዬ የነገርኩት ሌላ ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ ወደፊትም ስፒከሩን ብቻ ለይቶ መቀየር ይቻላል አልኩት። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን የፈለግሁት ሰው ሲያየኝ ትልቅ መስዬ መታየት ነው። ለአንቺም ለየብቻ የሆነው ይሻላል አልኩሽ። ሄዱን ፍቅርተ ያኔም ለእረፍት ስትመጣ አመጣችልኝ፣ ስፒከሩን አንቺ በላክሽው ገንዘብ ባሕር ዳር ገዛሁ። ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሣ ነበር።

በጥር የአክስታችን ልጅ ማህሌት ተዳረች። አባባ ጊታሬን አዝማሪነት ነው እያሉ ሲሸሹት ኖረው፣ ለዚህ ሰርግ ግን ምን እንዳራራቸው እንጃ፣ «እስቲ ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ልስማህ» አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት የምይዘውን አጣሁ። ጥላዬ ሳጥኑ ይቅር፣ ጊታርህን ከሰርገኛው ድምፅ ማጉያ ጋር እናያይዘዋለን ቢለኝ፣ አባባ እየሰሙኝ እንዲያማ አይሆንም ብዬ እምቢ አልኩ።

ከገሳይ ከተማ ወደ አክስታችን ቤት መኪና እንደማይወርድ ታውቂያለሽ። አህያ ላይ ብንጭነው ስፋቱ አልመች አለ። ስለዚህ ለሁለት ያዝነው፤ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን የሚሸከመው ከታች ያለው ነውና ጥላዬ ራሱ ከታች ገባ። ወንዙ ጋ ልንደርስ ስንል ጠጠሩ አንሸራተተኝና እጄ ለቀቀ። ሳጥኑ ወርዶ ቀኝ እጁን ከቋጥኙ ጋር አጣበቀው። እታለም፣ አልጮኸም። «አንሣው መልካሙ፣ አንሣው» ብቻ ነበር ያለኝ።

አባባ ወሬው ሲደርሳቸው ከድንኳኑ ሮጠው መጡ። ነጠላቸውን ቀደው እጁን ጠቀለሉለትና የሙሽራውን በቅሎ አስመጡ። ሚዜዎቹ ቢያጉረመርሙ «ሙሽራው እግር አለው፣ በእግሩ ይሂድ» አሏቸው። ገሳይ ድረስ በቅሎዋን እየሳቡ እሳቸው ናቸው ያደረሱት፤ ከዚያ በመኪና ሆስፒታል ገባን። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ። እጁ ድኗል፤ ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ ግን አይታጠፉም። ሰርጉ በከበሮና በጭብጨባ አለፈ አሉ።

ስፒከሩ ተሰንጥቆ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ሄዱን ሸጬ ኮምቦ ገዛሁ። በአንድ እጄ አንጠልጥዬው እሄዳለሁ፣ ድምፁም ለድንኳን ከበቂ በላይ ነው። ባነሣሁት ቁጥር የጥላዬ ምክር ትዝ ይለኛል። አባባ እስከ ዛሬ አልሰሙኝም፤ ጥላዬ አጠገብህ ካልተቀመጠ አልሰማህም ብለውኛል። ለእሱ ግን ሰው ባገኙ ቁጥር የገብስ ቆሎ ይልኩለታል።

ጥላዬ አሁን ሐሙሲት ከተማ እህቱ ሱቅ ውስጥ ነው። በገበያ ቀን ሄጄ አየሁት። ዕቃ ሲያቀብል ቀኝ እጁን ከባንኮኒው ሥር ይደብቀዋል። ስለ ኪቦርድ አንድም ቃል ሳይተነፍስ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አንቺ ነው። «ብርቱካን ሰማች?» አለኝ። አልነገርኳትም አልኩት። «ተወው፣ አትንገራት። ስንት ለፍታ የሰጠችህን ዕቃ ጥሎ ሰበረው ትለኛለች» አለኝ። የለቀቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው፣ ሁለታችንም ይዘነው ነበር ብሎ ወደ ገበያተኛው ዞረ።

እታለም፣ እሱ አልጣለውም። ይምጣ ያልኩትም፣ እንሸከመው ያልኩትም፣ የለቀቅሁትም እኔ ነኝ። እኔን መቆጣት ያንቺ ፋንታ ነው። እሱ ግን ሥራውን አጥቶ ሳለ አንቺን ይቅርታ ሊጠይቅ እየተጨነቀ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ከአንቺ አፍ ካልሰማ ከእኔ አያምንም። ቁጥሩ ድሮ የምታውቂው ነው። ደውዪለት። ስለ እጁ እሱ ካላነሣ አታንሺበት፤ ዝም ብሎ ድምፅሽን ይስማው።

አባባ ግንባርሽን ስመዋል፣ ብርድ ልብሱ ደርሶኛል በላት ብለዋል። እማዬ የሚመጣውን የሰኔ ጾም ስትፈቺ እንዳትጎጂ፣ ቀስ ብለሽ ብዪ ትልሻለች። አክስታችን በየቀኑ ስምሽን ታነሣለች። ማህሌት ነፍሰ ጡር ናት፤ ሴት ከሆነች በአንቺ ስም እጠራታለሁ ብላለች። ጎረቤታችን አያሌውም ከነቤተሰቡ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል።

የሚወድሽ ወንድምሽ
መልካሙ ሙላቴ
ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.