ከአራተኛው ዘፈን የተቆረጠችው እናታችን

ለወንድሜ ለሴድሪክ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የመርከቡ ሥራና የጃፓን ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ዶና እና ልጃችሁ ትንሿ ሊኔት ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ አክስት ዊልማም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ደህና ነኝ የምልህ ግን አካሌን እንጂ ሆዴን አይደለም፤ እሱ በአንተ አሯል። ሰላምታው ስላለቀ አሁን ልቆጣህ።

የሙኒ ፀጉር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል አልረሳህም። ያው ክርክሩ ነው፤ የትኛው የራፕ አልበም ነው ክላሲክ፣ የትኛውስ በአንድ በጋ የሚረሳ? ሙኒ ማሽኑን አጥፍቶ፣ የደንበኛውን ፀጉር በግማሽ ትቶ፣ «ሕጉ አንድ ነው፤ ሳትዘል ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልሰማኸው ክላሲክ አይደለም» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው ሳያስበው በቃሉ የያዘው ነው ክላሲክ አልኩ። «ኪያራ፣ ዩኒቨርሲቲ ራፕ ማስተማር ጀመረ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት ያ የእማማ የራፕ ባልደረባ ሮዴል ገብቶ የተናገረውን ነው። ከእማማ ጋር በአክስት ዊልማ ወጥ ቤት የቀረፁት አልበም እንደገና ሊወጣ ነው አለ። ቀጠለና፣ «አራተኛው ዘፈን ላይ እናትሽ ሊኔት ስትገባ ሰው ይዘለዋል፤ ስለዚህ የእሷን ክፍል አወጣነው። አሁን እንከን የለውም» አለ። ማን ፈቀደልህ ብዬ ጮህኩ። «ወንድምሽ ነዋ! በስልክ 'እንደፈለጋችሁ' አለኝ። ትልቁ እሱ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሴድሪክ፣ እናታችን ስትቆረጥ መቀሱን ያቀበልከው አንተ መሆንህን ከሮዴል አፍ ሰማሁ። እኔ እህትህ አይደለሁም? እሷ ካረፈች ወዲህ ስልኬ ጠፋብህ?

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈሩ ድግስ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ሙኒ እንደ ድሮው ከመብራት ምሰሶው መስመር ስቦ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ተደረደሩ። ሮዴል አዲሱን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያስፈትን ማይኩን ይዞ ቆመ። አራተኛው ዘፈን መጣ። የእማማ ቦታ ሲደርስ ከበሮው ብቻውን ቀረ፤ ባዶ።

ዶሮ ስትጠብስ የነበረችው ሚስ ጆርጂን፣ መገልበጫዋን እንደያዘች፣ ቀና ሳትል የእማማን ቃል ጀመረች። ከውጭ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ተቀበሏት። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ገባበት፤ የፀጉር ቤቱ ሳቂዎች ሳይቀሩ! ሁሉም እማማ ትንፋሽ በምትወስድባት በዚያች ቦታ ላይ አብረው ተነፈሱ።

ሮዴል ግን አያፍርም። «አያችሁ? ክላሲክ ማለት ይሄ ነው!» አለ። ማይኩን ነጠቅኩት። «የቆረጥከውን ሰፈሩ ቢመልሰው ለራስህ ትቆጥረዋለህ? ሌባ!» አልኩት። ሙኒ ሙዚቃውን አጠፋና፣ «እንዴ ሮዴል፣ የምንዘለው ዘፈን ቢሆን ይሄን ሁሉ ቃል ከየት አመጣነው?» አለው። ሮዴል ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «እናንተ ጩኹ፤ ፈቃዱ በእጄ ነው።»

ልክ ነው፤ ፈቃዱ በእጁ ነው፤ የሰጠኸው አንተ ነህ። ስለዚህ ደውልና መልሰህ ውሰደው። ሩቅ ነኝ፣ ደክሞኝ ነበር፣ አላሰብኩትም አትበለኝ። እኔ በበኩሌ በሄደበት ሁሉ እየተከተልኩ ስሟን እጮኽበታለሁ፤ አንተ «እንደፈለጋችሁ» ያልከው ግን ከእኔ ጩኸት ይበልጣል። ደግሞ የድሮውን ካሴት አውጥተህ ስማው። እማማ ስትጨርስ ከበሮው ሥር የምትሰማ ኳ፣ ኳ የምትል ነገር አለች። በማንኪያ ጠረጴዛ እየመታህ አቁም ብትባል እምቢ ያልክበት ቀን ነው፤ ሮዴል ድምፁ ይቆረጥ ሲል፣ እማማ «ልጄ ነው፣ ይቆይ» ብላ አስቀረችህ። እሷ አንተን አላስቆረጠችም።

አክስት ዊልማ ተቆጥታም ቢሆን ትስምሃለች። ሙኒ ሰላም ብሎሃል፤ ሚስ ጆርጂንም እንዲሁ። ዶናን በእኔ ስም እቀፋት። ትንሿን ሊኔትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስሟ የማን እንደሆነ ስትጠይቅህ የምታሰማት ነገር ይኑርህ።

እህትህ ኪያራ

ብሮንክስ፣ ኒው ዮርክ
ኦገስት 16 ቀን 2022