ሥራቸውን ለሁሉም አከፋፍለው ያለፉት የወይዘሮ ጋዲሴ ፈይሳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጋዲሴ ፈይሳ ከአባታቸው ከአቶ ፈይሳ ኦሊቃ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ተሰማ ግንቦት 4 ቀን 1974 ዓ.ም. አዳሚ ቱሉ ተወለዱ። አባታቸው እርሻ ምርምሩ ግቢ ውስጥ ትራክተር ይነዱ ነበር። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው።

አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ዝዋይ ተማሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከወንዶቹ ጋር ኳስ ይጫወቱ ነበር። እናታቸው ተቆጡ፣ ገረፉም። አልተዉም። በመጨረሻ አባታቸው "ተያት በላይነሽ፣ ቢያንስ የት እንዳለች እናውቃለን" ብለው ነገሩ በዚያው አለቀ።

በ1993 ዓ.ም. አዳማ መጥተው ለአንድ ፋብሪካ የሴቶች ቡድን በተከላካይነት ተጫወቱ። በ1998 ዓ.ም. ጨዋታ ላይ ጉልበታቸው ተጎዳ። አሰልጣኙ ቡድን መሪው ሐኪም ቤት ይወስዳታል ብሎ ተወው። ቡድን መሪው ደግሞ ፋብሪካው መኪና ይልካል አለ። ፋብሪካው የሰማ ነገር የለም። ሜዳው ዳር ተኝተው ዋሉ። ጉልበቱ ከዚያ በኋላ አልዳነም። እሳቸው ግን "እኔን የሰበረችኝ የመታችኝ ልጅ አይደለችም፤ ማን ምን እንደሚሠራ አለመታወቁ ነው" ይሉ ነበር። በኋላ የስፖርት ማኔጅመንት ትምህርት ውስጥ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ከአቶ ሰይፈሚካኤል ደጉ ጋር ትዳር መሥርተው ሞቲን እና ኮከብን ወለዱ። ዱከም አንድ ፋብሪካ ተቀጥረው በየቀኑ ጠዋት በሚኒባስ ይመላለሱ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ቅዳሜና እሑድ የስፖርት ማኔጅመንት መማር ጀመሩ። ሚኒባሱ ውስጥ ደብተር ሲያነቡ የሚያይ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። አንዱ "ኳስ ደግሞ ምን አስተዳዳሪ ያስፈልገዋል፣ ነፍቶ መልቀቅ ነው" አላቸው። "እስካሁንም እንደዚያ እያደረጋችሁ ነው እኮ፤ የት ደረሳችሁ?" አሉት።

ማቀድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ መቆጣጠር። የተማሩትን መጀመሪያ የሞከሩት ቤታቸው ላይ ነው። ለባላቸው የቅዳሜን ልብስ አጠባ መደቡላቸው። አቶ ሰይፈሚካኤል "እኔ የቤቱ ፕሬዚዳንት ነኝ" ቢሉ "ፕሬዚዳንትም ሥራ ይሰጠዋል" ተባሉ። አጠቡ። እስከ ዛሬም ያጥባሉ።

በ2009 ዓ.ም. ተመረቁ። በ2010 ዓ.ም. ንጋት የሴቶች እግር ኳስ ክለብ በሥራ አስኪያጅነት ቀጠራቸው። ያኔ ክለቡ በሙሉ ያለው በፕሬዚዳንቱ በአቶ አለማየሁ ስልክ ውስጥ ነበር። አውቶቡሱን የሚያዝዙት እሳቸው። ሐኪሙን የሚጠሩት እሳቸው። ማልያው የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው። ስልካቸው ከተዘጋ ቡድኑ ሜዳ አይደርስም።

ወይዘሮ ጋዲሴ ይህንን ፈቱት። ማልያውን ለአምበሏ ለከሪማ ሰጡ። ሕክምናውን ነርሷ ኑሰይባ ያዘች። ጉዞውን ምክትላቸው ኢሊያስ። ኢሊያስን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሩት። ተጫዋቾቹ "እትዬ ጋዱ፣ ሁሉን አከፋፈሉት፤ ኳሱንስ ማን ይምታው?" ብለው ሲቀልዱ "እሱንም መድቤያለሁ፤ አንቺ ነሽ፣ ትናንት ግን አልመታሽም" ይሉ ነበር። ክለቡ ደረጃውን አሻሻለ። ሜዳ ላይ ተጎድታ ሐኪም ያጣች ተጫዋች አልነበረችም።

በ2014 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለት ወር ተኙ። ቡድኑ ሻሸመኔም ሐዋሳም ሄዶ ተጫውቶ ተመለሰ። አንድም ሰው አልደወለላቸውም። ተጫዋቾቹ ሊጠይቋቸው ሲመጡ አፍረው ነበር። እሳቸው ግን ከታመሙ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። "እንኳን አልደወላችሁ" አሉ። "እኔ ስተኛ የሚቆም ከሆነማ ምን ሠራሁ?"

ለክለቡ ኮሚቴ ግን ሌላ ነገር ነው የታየው። ሲመለሱ ስብሰባ ተጠራ። አቶ አለማየሁ "ጋዲሴ፣ ያለ አንቺም እንደሚሄድ አየን እኮ። አንቺም ታመሻል፣ እረፊ" አሉ። የሥራ አስኪያጅነት ቦታው ታጠፈ። ጋቢ አለበሷቸው፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሡ። ሕክምናቸውን ገና አልጨረሱም ነበር። ጋቢውን ለሰው ሰጡት።

ከዚያ ሌላ ክለብ ፈለጉ። ክለብ እንደገና መምራት፣ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ መጠራት፣ ሌላ የሚመኙት ነገር አልነበረም። የሄዱበት ሁሉ "ንጋት ምን ነበር የምትሠሪው?" ይሏቸዋል። ማልያው በከሪማ፣ ሕክምናው በኑሰይባ፣ ጉዞው በኢሊያስ እጅ እንደነበር ያስረዳሉ። "ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ?" ይባላሉ። ይህን ጥያቄ ከዝዋይ እስከ ቢሾፍቱ ሰምተውታል። የቀጠራቸው የለም።

ኢሊያስም አልቆየም። የማንም ምክትል ሳይሆን ምክትል እየተባለ አንድ ዓመት ሠርቶ ሄደ። ሥራው ሁሉ ተመልሶ አቶ አለማየሁ ስልክ ውስጥ ገባ። በ2016 ዓ.ም. አቶ አለማየሁ መልካሳ ሰርግ ላይ ሳሉ ስልካቸው ተዘጋ። አውቶቡስ አልታዘዘም። ልጆቹ ማልያቸውን ለብሰው መንገድ ዳር ቀሩ፤ በፎርፌ ተሸነፉ፤ ክለቡም ወረደ።

ባለፈው መስከረም አቶ አለማየሁ ብርቱካን ይዘው ቤታቸው መጡ። ወይዘሮ ጋዲሴ ሕመሙ አገርሽቶባቸው ከአልጋ የሚነሡት ተደግፈው ነበር።

"ጋዲሴ፣ ነይና አስተካክይልን። ተኝተሽም ቢሆን በስልክ ትመሪናለሽ።"

"ሥራ አስኪያጅ ተብዬ ነው?"

"እሱን በኋላ እናየዋለን።"

"እንግዲያው እኔም በኋላ አየዋለሁ" አሏቸው። በኋላ የሚባል እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ።

ወይዘሮ ጋዲሴ በሀገር ውስጥ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ42 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ከክለቡ ሰዎች መጥተው እዚህ ላይ "በጤና ምክንያት በፈቃዳቸው ሥራ ለቀቁ" ተብሎ እንዲገባ ጠይቀዋል። አልለቀቁም። ሕክምናቸውን ሳይጨርሱ ከቦታቸው ተነሡ። ዛሬ ያመጡት ጉንጉን አበባ ላይ "ለሥራ አስኪያጃችን" ይላል። ይህቺን ቃል ወይዘሮ ጋዲሴ መስከረም ላይ ጠይቀው ተከልክለዋል።

እናታቸውን ወይዘሮ በላይነሽን፣ ባለቤታቸውን አቶ ሰይፈሚካኤልን፣ ልጆቻቸውን ሞቲን እና ኮከብን፣ እህታቸውን አማረችን ትተው ሄደዋል። ያሠለጠኗቸው ልጆችም አሉ፤ የቤተሰብ ቦታ ላይ የቆሙት በእኛ ፈቃድ ነው።

የዛሬውን ቀብርም ራሳቸው አከፋፍለውት ነው የሄዱት። ለእድሩ ኢሊያስ እንዲናገር። እናታቸውን ከአዳሚ ቱሉ ከሪማ እንድታመጣ። የሕይወት ታሪኩን አማረች እንድትጽፍ፣ "እሷ አታለሳልስም" ብለው። ሁሉም የታዘዘውን አድርጓል። ለአቶ አለማየሁስ ምን እንስጥ ተብለው ሲጠየቁ "ለእሳቸው ሥራ የለኝም። ይምጡና ይስሙ" አሉ።

እግዚአብሔር ከድካማቸው ያሳርፋቸው። እዚያም የሚያግዛቸው ሰው አይጡ።